ሃይላይት የተደረገው የት ገባ? ከደብረ ማርቆስ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ሰኔ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጽሑፍ ቤት የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የለውም። የመመረቂያ ጽሑፍ ይተየባል፣ ይታረማል፣ ይጠረዛል። እኔም የምሠራው እንዲህ ባለ ቤት ነው። ሰው ተጨንቆ ከሚመጣባቸው ችግሮች ውስጥ አንዱ በየዓመቱ ይደጋገማል። «አንብቤው ነበር፣ ሃይላይት አድርጌው ነበር፣ አሁን ግን የት እንዳለ ጠፋኝ» የሚለው ነው። ሃይላይት ማለት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ጽሑፍን በቀለም ማድመቅ ነው። ከእነዚህ አንዱን ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልጻፈው። ባለጉዳዩን አስፈቅጃለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ናቸው። ማስተርሳቸውን የሚሠሩት በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ላይ ነው። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በ1967 እ.ኤ.አ. አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር የሚጥል ነበር። የጎጃም ገበሬ ግብሩን ከገንዘቡ በላይ አድርጎ አየው። መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል ብሎ ፈራ። በሞጣ፣ በብቸና፣ በደጋ ዳሞት ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። የእኚህ ሰው ስም ወደ ኋላ ላይ ብዙ ያለፋናል።

መምህሩ ለዚህ ሥራ ያልበረበሩት የለም። ስካን የተደረገ ነጋሪት ጋዜጣ አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥናቶች አሉ። የሌሎች ሰዎች የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ራሳቸው ከሽማግሌዎች የወሰዱት ቃለ መጠይቅ በወርድ ተተይቧል። ማንበቢያቸው ደግሞ አንድ አልነበረም። ማታ በስልክ፣ ቅዳሜና እሁድ በላፕቶፕ፣ ክፍለ ጊዜ ሳይኖራቸው በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ያነቡ ነበር። ሥርዓት አልነበራቸውም ማለት ግን አይደለም። ቢጫው ለሰውና ለቦታ ስም ነው። አረንጓዴው ለቀንና ለገንዘብ መጠን ነው። ሮዙ ደግሞ ምንጮች እርስ በርስ ለሚጋጩበት ቦታ ነው። በእኔ እምነት ይህ በጣም ጥሩ ሥርዓት ነው። ብዙ ተማሪ ገጹን በሙሉ ቢጫ ያደርገውና ምንም ያላደረገ ያህል ይሆናል።

ረቂቁ ከአማካሪያቸው ሲመለስ ግን በየገጹ ጠርዝ ላይ ሁለት ቃል ተጽፎበታል፤ «ምንጭ? ገጽ?»። ሐሳቡ ትክክል ነው ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረም። ከየት እንደመጣ አሳየኝ ነው። መምህሩ የጻፉትን ያውቁታል፣ ያነበቡትንም ያስታውሳሉ። የጠፋቸው ቦታው ነው። እያንዳንዱን ፋይል ከፍተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማገላበጥ ጀመሩ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ሲመጣ እንደገና። በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ነው ወደኛ የመጡት።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ቢጫ በአንዴ የሚያወጣ ነገር የለህም?» አሉኝ ፍላሻቸውን እያቀበሉኝ።

«አለ፣ ጋሼ። መጀመሪያ ግን በምን በምን እንዳነበቡት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ጥያቄው ትንሽ ገረማቸው። ሥራው ሁሉ የተመሠረተው ግን በእሱ ላይ ነው። ሃይላይት የትም ቢደረግ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ይመስላል። የሚቀመጥበት ቦታ ግን እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። አንዱ ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሌላው ከፋይሉ ውጭ የራሱ መዝገብ ውስጥ ይይዘዋል። ሦስተኛው ደግሞ ከገጹ ሥዕል ጋር አዋህዶ ያትመዋል። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መፈለግ ማለት ዝም ብሎ ማገላበጥ ነው።

ከቀላሉ ጀመርን፤ ከወርድ። ወርድ ቀለምን መፈለግ ይችላል፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። «ሆም» ላይ «ፋይንድ» የሚለው አጠገብ ካለችው ቀስት «አድቫንስድ ፋይንድ» ይመረጣል። ከዚያ «ሞር»፣ ከዚያ «ፎርማት»፣ ከዚያ «ሃይላይት»። የሚፈለገው ቃል የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ይተዋል። «ፋይንድ ኢን» ብለው «ሜይን ዶኪዩመንት»ን ሲመርጡ ሃይላይት የተደረገው ሁሉ በአንዴ ይያዛል። ኮፒ ያደርጉትና አዲስ ፋይል ላይ ይለጥፉታል፣ አለቀ። ፍለጋው ቢጫን ከአረንጓዴ አይለይም። ሲለጠፍ ግን ቀለሙ አብሮ ስለሚመጣ መለየቱ የዓይን ሥራ ብቻ ሆነ። የሽማግሌዎቹ ቃል በዚህ መንገድ ተጠናቆ ወጣ። ጥቂት ቦታዎች ብቻ አልመጡም። እነሱ ላይ መምህሩ የተጠቀሙት የሃይላይቱን ብዕር ሳይሆን የቀለም ባልዲ ምስል ያለውን «ሼዲንግ» ነበር። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለወርድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ ያለኝ ነገር ገጠመ። ከቃለ መጠይቆቹ አንዱ ከሌላ ሰው የተገኘ የቆየ ጽሑፍ ነው። የተተየበው በፓወር ግዕዝ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ የአማርኛ ጽሑፍ በእንዲህ ያሉ ፎንቶች ይሠራ ነበር። ፎንቱ ሲኖር አማርኛ ይነበባል፣ ሳይኖር የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዛሬ በምንጽፈው አማርኛ «ሞጣ» ብለው ቢፈልጉ ምንም አይገኝም። ውስጡ ያለው ኮድ «ሞጣ» አይደለምና። የቀለም ፍለጋው ግን ሠራ! ቀለም ከፊደሉ ኮድ ጋር ጉዳይ የለውም። የትኛውም ፎንት ይሁን፣ ሃይላይት ሃይላይት ነው። መምህሩ ጨርሶ ተስፋ የቆረጡበት ፋይል እንዲህ ቀድሞ ተጠናቀቀ።

ፒዲኤፉ ግን ሌላ ዓለም ነው።

አዶቤ ፒዲኤፍን ያወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ዓላማው ገጹ የትም ቢከፈት እንዳለ እንዲታይ ነው። ስለዚህ ሃይላይት ሲደረግ ጽሑፉ ራሱ አይነካም። ከላዩ ሌላ ነገር ይደረባል። በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በመርጡለ ማርያም የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ያውቃል። እዚያ ቀዩ ራሱ ፊደሉ ነው፤ ከብራናው አይለይም። የፒዲኤፍ ቢጫ ግን እንደዚያ አይደለም። ፋይሉ የሚመዘግበው የአራት ማዕዘን ጥጎችን ነው። በዚህ ገጽ፣ ከግራ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል፣ ቀለሙ ይህ። መለኪያው የኢንች 1/72ኛ ነው፤ አንድ ኤ4 ገጽ ወደ 595 በ842 ይሆናል። ሃይላይቱ ሦስት መስመር ከያዘ ሦስት አራት ማዕዘን ይመዘገባል። ከሥሩ ያለው ቃል ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም።

ይህን ማወቁ ለምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛ፣ ኮንትሮል ኤፍ ተጭኖ ሃይላይት መፈለግ ለምን እንደማይሠራ። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ከተገኘ በኋላም ለምን ባዶ መስመር እንደሚታይ። የአዶቤ ፒዲኤፍ ማንበቢያ በሆነው አክሮባት ሪደር ላይ «ኮሜንት» የሚለውን ስንከፍት የመምህሩ ሃይላይቶች በገጽ ተደርድረው መጡ። በቀለም ማጣራትም ይቻላል። ሮዙን ብቻ ብለን ስንመርጥ የተጋጩት ምንጮች ብቻ ቀሩ። መምህሩ ወንበራቸውን ሳቡ። ነገር ግን ብዙዎቹ መስመሮች ስምና ቀን እንጂ ጽሑፍ አልነበራቸውም። አንድ በአንድ እየተጫኑ ወደ ገጹ መሄድ ግድ ሆነ። ያም ቢሆን ከማገላበጥ ጋር አይወዳደርም። ጽሑፉን በጅምላ ማውጣት ስንፈልግ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ኮድ ጻፍኩ። ኮዱ አራት ማዕዘኑን ይወስዳል፣ በዚያ ቦታ ያሉትን ቃላት ይሰበስባል፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር ይጽፋል። ለአንድ ዓምድ ጽሑፍ አሪፍ ሠራ። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ ግን አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የሚታተሙት። ሃይላይቱ ትንሽ ወደ ጎን ካለፈ ከአንዱ ዓምድ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ይዞ ይመጣል። እነዚያን መምህሩ ራሳቸው ገጹን እያዩ አስተካከሉ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። አንድ ትልቅ ጥናት ላይ ዝርዝሩ ባዶ ወጣ። «ኧረ ይህንንስ በደንብ ነው ያነበብኩት! ግማሹን አረንጓዴ አድርጌዋለሁ» አሉ። ልክ ነበሩ። ያነበቡት ግን በስልክ ነው። ፋይሉ በቴሌግራም ነው የተላከላቸው። ከቴሌግራም በቀጥታ በሌላ አፕ ሲከፈት አንዳንዱ አፕ ሃይላይቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ቅጂ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ያለው እንደነበረ ይቀራል። ላፕቶፑ ላይ ያወረዱት ያንን ያልተነካውን ነው። መፍትሔው ስልኩን መክፈት ነበር። አፑ ውስጥ «የቅርብ ጊዜ» ዝርዝር ላይ ፋይሉ ተገኘ። ከዚያው «ላክ» ብለን ወደ ራሳቸው ቴሌግራም ላክነው። አረንጓዴው እንዳለ መጣ። ከዚህ በኋላ ፍላሹ ላይ ስማቸው አንድ ሆኖ መጨረሻቸው ላይ (1)፣ (2) የሚል ያላቸውን ፋይሎች ሁሉ አንድ ላይ አየናቸው። የትኛው ሃይላይት እንዳለበት የሚለየው በመጨረሻ የተለወጠበት ቀን ነው። መጠኑም ጥቂት ይጨምራል።

ስካን የተደረገው ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስካን ፎቶ ነው፤ ውስጡ ፊደል የለም። ስለዚህ ሃይላይቱ የሚይዘው ጽሑፍ ያጣል። መምህሩ ስልካቸው ላይ ይህ ሲገጥማቸው ወፍራም ቢጫ ብዕር መርጠው በጣታቸው አስምረዋል። ያ በፒዲኤፍ ቋንቋ ሃይላይት አይባልም፤ የእጅ ሥዕል ነው። ዝርዝሩን «ሃይላይት ብቻ» ብለን ስናጣራ የጠፉት ለዚህ ነው። ማጣሪያውን አንስተን የእጅ ሥዕሎቹንም ስንጨምር ብቅ አሉ።

አንዱ ፋይል ግን በዚህም አልወጣም። ትዝ ያላቸው ዘግይቶ ነው። ለጓደኛቸው ሊልኩት ሲሉ «ፕሪንት» ብለው እንደገና ወደ ፒዲኤፍ አትመውታል፤ የመጀመሪያው ጠፍቷል። እንዲህ ሲደረግ ቢጫው ከገጹ ጋር ይዋሃዳል። ለዓይን አለ፤ ለዝርዝሩ የለም። የቀረው መንገድ ቀለሙን ራሱን መፈለግ ነው። ገጾቹን ወደ ትናንሽ ሥዕሎች ቀየርኩና ቢጫ የበዛበትን ገጽ እንዲለይ ኮድ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ገጽ «አለበት» አለ። ለምን ቢባል የቆየ ወረቀት ራሱ ቢጫ ነው። የሚለያቸው ድምቀቱ ነው። በማርከር ቢጫ ውስጥ ቀይና አረንጓዴው ብርሃን ከፍተኛ ሆኖ ሰማያዊው በጣም ዝቅ ይላል። ባረጀ ወረቀት ላይ ግን ሰማያዊው በጥቂቱ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ልዩነቱ ትልቅ የሆነበትን ብቻ ውሰድ ስለው ትክክለኛዎቹ ገጾች ቀሩ። ኮድ የማይጽፍ ሰው ይህን በሌላ መንገድ ሊያደርገው ይችላል። በጎን በኩል የገጾቹን ትንንሽ ምስሎች ከፍቶ ሰፋ አድርጎ ማየት ነው። ቀለም ከሩቅ ይታያል፤ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በጥቂት ደቂቃ ይታያል።

አሁን የቀሩት መምህሩ ቃሉን የሚያስታውሱት፣ ቀለም መቀባታቸውን ግን እርግጠኛ ያልሆኑባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚህ በፊደል መፈለግ ግድ ነው። ስካኖቹን ከፎቶ ላይ ፊደል በሚያነበው በቴሰራክት ፕሮግራም አሳለፍናቸው። ነፃ ነው፣ አማርኛም ያነባል። ፍጹም አይደለም፤ የደበዘዘ ህትመት ላይ ተቀራራቢ ፊደላትን ያምታታል። ግን ምንም ከሌለው ስካን በብዙ ይሻላል።

እዚህ ነው የጠቅላይ ገዥው ስም ያለፋን። ፀሐዩ፣ ጸሐዩ፣ ፀሀዩ፣ ጸሓዩ። ዕንቁ፣ እንቁ፣ ዕንቍ። ሥላሴ፣ ስላሴ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱን የተለየ ስም አድርጎ ነው የሚያየው። መምህሩ ለረጅም ጊዜ «ፀሐዩ» ብቻ እያሉ ሲፈልጉ ነበር። ሌላው መሰናክል ሁለት ነጥብ ነው። በቆዩ ህትመቶች ቃልና ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ሳይሆን በ«፡» ነው። ሁለት ቃል አንድ ላይ ጽፎ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ሦስተኛው ቁጥር ነው። በቆየ ህትመት 1960 ሳይሆን ፲፱፻፷፣ 255 ሳይሆን ፪፻፶፭ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የእንግሊዝኛው ጥናት ደግሞ ያንኑ አመፅ 1968 ይለዋል። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። ከጽሑፉ ቅጂ ላይ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው ቀየርኩ። «፡»ን በባዶ ቦታ ተካሁ። ፍለጋው በዚህ ቅጂ ላይ ይሆናል፤ ጥቅሱ ግን የሚወሰደው ከዋናው ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ሰው የተስተካከለውን ቅጂ ጠቅሶ የዋናውን አጻጻፍ እንዳያበላሽ ነው። የሰነዱ ጸሐፊ «ዕንቍ» ብሎ ከጻፈ በጥቅሱም ውስጥ «ዕንቍ» ነው መሆን ያለበት።

የገጽ ቁጥርም ተጨማሪ ሥራ አመጣ። ዝርዝሩ የሚሰጠው የፋይሉን ገጽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ሽፋን፣ ምስጋና፣ ማውጫ እያሉ በሮማን ቁጥር ይጀምራሉ። ፋይሉ 47 ሲል ወረቀቱ ላይ የታተመው 35 ሊሆን ይችላል። አማካሪው የጠየቁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ልዩነቱን አንዴ አስልተን በሙሉ ቀነስን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተሠራው ሠንጠረዥ ቀላል ነው፤ ጥቅሱ፣ ፋይሉ፣ የታተመው ገጽ፣ ቀለሙ፣ አንድ መስመር ማስታወሻ። የመጨረሻዋ ዓምድ የኔ ሐሳብ ናት። መምህሩ መጀመሪያ አልወደዷትም፣ ሥራ ጨመርክብኝ አሉ። ሮዞቹን መሙላት ሲጀምሩ ግን ዝም አሉ። ረቂቃቸው ውስጥ ስለ ገማቾቹ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ነበር። በትዝታ የጻፉት ነው። ሁለቱ ጥቅሶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ አንዱ ስለ ሞጣ፣ ሌላው ስለ ደጋ ዳሞት እንደሚያወራ ታየ። እሳቸው አንድ ክስተት አድርገው አዋህደውታል። አንቀጹን ለሁለት ከፈሉት። ለእኔ የዚህ ሥራ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የሚጠቀሰው ገጽ አማካሪን ለማስደሰት ብቻ አይደለም። እነዚያ ገበሬዎች በስማቸውና በቦታቸው እንዲቀመጡ ነው። የሞጣው የሞጣ፣ የደጋ ዳሞቱ የደጋ ዳሞት ሆኖ።

ለወደፊቱ ሁለት ነገር አስተካከልን። አክሮባት ላይ «ፕረፈረንስ» ውስጥ «ኮሜንቲንግ» በሚለው ስር አንድ ምርጫ አለ። ሃይላይት የተደረገውን ጽሑፍ ወደ ማስታወሻው ገልብጥ የሚል ነው። እሱ ሲበራ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሃይላይት ቃሉን ይዞ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። የድሮዎቹን ግን አይመልስም። ሁለተኛው ዞቴሮ የሚባል የምንጭ ማደራጃ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህ እኛ ጋ ትልቅ ነገር ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ፒዲኤፍ ማንበቢያ አለው። ሃይላይቶቹን ሰብስቦ ማስታወሻ ያደርጋቸዋል፣ ማስታወሻውን ሲጫኑት ወደ ገጹ ይመልሳል። ነገር ግን ሃይላይቱን የሚያስቀምጠው በራሱ መዝገብ እንጂ በፒዲኤፉ ውስጥ አይደለም። ፋይሉን ከፎልደሩ አንስቶ ለሰው የሚልክ ሰው ንጹሕ ገጽ ነው የሚልከው። ከነቀለሙ ለመላክ ከዞቴሮ ውስጥ ኤክስፖርት ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለመምህሩ ጽፌ ላፕቶፑ ላይ ለጠፍኩላቸው።

አንድ ነገር ብቻ አልተገኘም። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በብሮውዘር ከፍተው አረንጓዴ ያደረጉት የገንዘብ መጠን ነው። ሴቭ ሳይደረግ ተዘግቷል፤ ፋይሉ ላይ ምንም አልቀረም። ቁጥሩን ያስታውሱታል። በፊደልም በግዕዝ አኃዝም ፈለግን፣ የለም። መምህሩ ያንን ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ አወጡት። ሠንጠረዡ ከረቂቁ ጋር ተጠርዞ ለአማካሪው ሄደ።